ኢንዛይምንና ባዮፊውልን ያለ ላብራቶሪ እንዴት እናስተምር? (ከደብረ ብርሃን የተጀመረ ክር)

የመነሻው ጽሑፍ የእኔ ነው። ደብረ ብርሃን አካባቢ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። በቅርቡ ለ11ኛ ክፍል ስለ ኢንዛይም (ሕያው ነገር ውስጥ የሚሠራ፣ ሪአክሽንን የሚያፋጥን ፕሮቲን) አጭር ፈተና ሰጠሁ። ግራፉን ሁሉም አሳምረው ሣሉት። መጀመሪያ ሽቅብ ይወጣል፣ ከዚያ ይተኛል። ለምን ተኛ ብዬ ስጠይቅ ግን የብዙዎቹ መልስ አንድ ሆነ። ኢንዛይሙ ስለደከመው ነው አሉ። ከልጆቹ አንዱም የኢንዛይምን ሥራ በዓይኑ አይቶ፣ በሰዓት ለክቶ አያውቅም። እኔም አሳይቻቸው አላውቅም።

ስለዚህ መምህራን የሚሰባሰቡበት የውይይት መድረክ ላይ ጻፍኩ። ጥያቄዬ ሁለት ነበር። ኬሚካል በሌለበት ትምህርት ቤት ልጆች የሪአክሽን ፍጥነትን ራሳቸው እንዲለኩ ምን ላድርግ? ትምህርቱን ከባዮፊውል (ከዕፅዋት ወይም ከእበት ከሚገኝ ነዳጅ) ጋርስ እንዴት ላገናኘው? እግረ መንገዴን ሁለት ነገሮችን እንደ እውነት አስቀመጥኩ። አንደኛ፣ ኢንዛይም በሙቀትም በብርድም ይሞታል አልኩ። ሁለተኛ፣ በእኛ አካባቢ ገለባ የሚጣል ነገር ስለሆነ ለነዳጅ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል አልኩ። ሁለቱንም አላለፉልኝም።

ከዚህ በታች የምላሾቹን ፍሬ ነገር በየቁጥራቸው፣ በራሴ አነጋገር አስቀምጣለሁ።

ምላሽ 1፦ ቀድሞ የደረሰልኝ መሐል ሜዳ የሚያስተምር የኬሚስትሪ መምህር ነው። ከሰላምታው በኋላ በጣም ቀላል ሙከራ ሰጠኝ። ድንች ተፈቅፍቆ በንጹሕ ጨርቅ ይጨመቃል። ጭማቂው ውስጥ ካታሌዝ የሚባል ኢንዛይም አለ። ከመድኃኒት ቤት 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይገዛል፤ ያው ለቁስል ማጠቢያ የሚሸጠው። በወረቀት መብሻ ከማጣሪያ ወረቀት ትንንሽ ክቦች ይወጣሉ። ክቧ ጭማቂው ውስጥ ተነክራ ፐርኦክሳይድ ያለበት ብርጭቆ ውስጥ ትጣላለች። መጀመሪያ ትሰምጣለች። ካታሌዙ ፐርኦክሳይዱን ወደ ውሃና ኦክስጅን ሲሰብረው አረፋው ክቧን ይዟት ይወጣል። ልጆቹ ወደ ላይ እስክትደርስ የፈጀባትን ሴኮንድ ይቆጥራሉ። ፐርኦክሳይዱን በውሃ እያቀጠኑ ሲደግሙት ሴኮንዱ ይረዝማል። 1ን ለሴኮንዱ ሲያካፍሉት ፍጥነት ያገኛሉ። መምህሩ ይህን ለዓመታት ሠርቶታል። የሚያስፈልገው የስልክ ሰዓት ብቻ ነው።

ምላሽ 2፦ ከዓለም ከተማ። አጭር ነው። በሙከራው ተስማማና አንድ ማስጠንቀቂያ ጨመረ። ከተከፈተ የቆየ ፐርኦክሳይድ ኃይሉን እያጣ ይሄዳል። ብርሃንም ይጎዳዋል። ስለዚህ በዕለቱ የተከፈተ ይሁን፣ ጥቁር ጠርሙሱ ውስጥም ይቆይ አለ። የተቀቀለ ድንች ጭማቂንም ጎን ለጎን አሳያቸው ብሎኛል። ክቧ ሰምጣ ትቀራለች።

ምላሽ 3፦ ይህ ሰው በትሕትና ተቃወመ። ድንችና ፐርኦክሳይድ ፍጥነትን ያስተምራሉ፣ ከነዳጅ ጋር ግን አይገናኙም አለ። ጎረቤት ሁሉ ቤት ያለውን ብቅል ረስታችሁ ድንች ትፈቀፍቃላችሁ ወይ ሲልም ጠየቀ። ቀጥሎ ያመጣውን ታሪክ እኔ በትክክል አላውቀውም ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1833 ፈረንሳውያኑ አንሴልም ፓየንና ዣን ፍራንስዋ ፐርሶ ስታርችን የሚሰብር ነገር ለይተው አወጡ። ያወጡት ከገብስ ብቅል ነው። ዲያስቴዝ አሉት። በሰው እጅ ተለይቶ የወጣ የመጀመሪያው ኢንዛይም ይኸው ነው። ኢንዛይም የሚለው ስም ራሱ በ1870ዎቹ የመጣ ሲሆን፣ በግሪክኛ ትርጉሙ በእርሾ ውስጥ ማለት ነው። ይህን ሳነብ ደስታዬን አልደብቅም። ለዓመታት የባዕድ አገር ቃል አድርጌ ያስተማርኩት ነገር ቡሃቃችን ውስጥ ነበር።

የሰጠው ሙከራ ይህ ነው። አንድ ስኒ የብቅል ዱቄት ለብ ባለ ውሃ ግማሽ ሰዓት ይዘፈዘፍና ይጠለላል። ከስንዴ ዱቄት ቀጭን አጥሚት ይሠራል፣ ይቀዘቅዛል። ሁለቱ ይቀላቀላሉ። ከዚያ በየደቂቃው አንድ ጠብታ ነጭ ሳህን ላይ እየተደረገ በቀጭኑ የተበረዘ ቲንክቸር አዮዲን ይንጠባጠብበታል። መጀመሪያ ጥቁር ሰማያዊ ነው። ስታርቹ ወደ ስኳር እየተሰበረ ሲሄድ ቀለሙ ይሳሳል። በመጨረሻ የአዮዲኑ ቡናማ ብቻ ይቀራል። ሰማያዊው የጠፋበት ደቂቃ ይመዘገባል። ከእህል ኢታኖል (ነዳጅ የሚሆነውን አልኮል) የሚያመርት ፋብሪካም በዚሁ ነው የሚጀምረው፤ ስታርቹን በአሚሌዝ (ያው ዲያስቴዝ የተባለው ዓይነት ኢንዛይም) ወደ ስኳር፣ ስኳሩን በእርሾ ወደ አልኮል። ሁለተኛው ደረጃ ቁጥሩ የታወቀ ነው። 180 ግራም ግሉኮስ ቢበዛ 92 ግራም ኢታኖልና 88 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሰጣል።

ምላሽ 4፦ ደብረ ብርሃን ውስጥ ጠላ ጠምቀው፣ አረቄ አውጥተው ልጆቻቸውን ያሳደጉ እናት ናቸው። የጻፈችላቸው ልጃቸው ናት። እንኩሮው ሳይበርድ ጥንስሱ ላይ ከተጨመረ ድፍድፉ እንደሚበላሽ ነገሩን። በእጃቸው ነክተው ለብ ማለቱን ካላወቁ አይጨምሩም። ቴርሞሜትር ይዘው አያውቁም። ግን ስንት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አልሳቱም። እትዬ፣ እጅዎ ይባረክ ብዬ መለስኩላቸው።

ምላሽ 5፦ የመጀመሪያው እርማት መጣ። አንዲት መምህርት ስለ ብርድ የጻፍኩት ስሕተት መሆኑን በቀጥታ ነገረችኝ። ኢንዛይም በብርድ አይሞትም፣ ይዘገያል። እኛ ደጋ የምንኖር ሰዎች ይህንን ከማንም በላይ ማወቅ ነበረብን አለች። ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጭ ሲወርድ ሊጥ ሦስት አራት ቀን ይፈጃል። እናቶቻችን ቡሃቃውን በጋቢ ይጠቀልሉታል፣ ምድጃ ዳር ያስጠጉታል። ሙቀት ሲያገኝ ኩፍ ይላል። ሞቶ ቢሆን አይነሣም ነበር። የፈላ ውሃ የተደፋበት እርሾ ግን ምድጃ ዳር ቢያድርም አይመለስም፣ ልክ የተቀቀለ እንቁላል ተመልሶ ጥሬ እንደማይሆነው። የኢንዛይሙ ቅርጽ ፈርሷል። አብሲትም የሚቀዘቅዘው ለዚህ ነው።

ትክክል ናት። በማግሥቱ ክፍል ገብቼ ቃሌን አስተካከልኩ።

ምላሽ 6፦ ሸዋ ሮቢት ያለች መምህርት ናት። ከምላሽ 5 ጋር ተስማማች፤ የእሷ ችግር ግን ተቃራኒው ነው። ማታ የተቦካ ሊጥ ጠዋት ኮምጥጦ ይጠብቃታል። የደብረ ብርሃን ዘመዶቿ ለእንግድነት ሲመጡ እንደ ቤታቸው ሦስት ቀን ሊጠብቁት ይሞክራሉ፣ ከዚያ ይደፋል። ጣርማ በርን አልፎ ቁልቁል መውረድ ብቻ የአንድን ሪአክሽን ፍጥነት እንዲህ ይለውጠዋል። ብዙ የኢንዛይም ሥራዎች ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር ፍጥነታቸው እጥፍ ገደማ ይሆናል፤ ከልኩ እስካላለፈ ድረስ።

ምላሽ 7፦ በእኔ ግምት የክሩ ትልቁ ምላሽ ይህ ነው። የጻፈው በጡረታ ላይ ያሉ የፊዚክስ መምህር ነው፤ ጋሼ እያልን ነው የምንጠራቸው። ልጆቹ ደከመው ያሉት ሁለት የተለያዩ ግራፎች አንድ ስለመሰሏቸው ነው አሉ። ሁለቱም ወጥተው ይተኛሉ። የሚተኙበት ምክንያት ግን ለየቅል ነው።

ወፍጮ ቤት ውሰዷቸው አሉ። አንድ ወፍጮ አለ። ጠዋት ሁለት ሰው ብቻ ቢመጣ ወፍጮው ቶሎ ጨርሶ ይቆማል። አሥር ሰው ቢመጣ ሳያቋርጥ ይፈጫል። ሃምሳ ሰው ቢመጣስ? ሰልፉ ይረዝማል እንጂ በሰዓት የሚወጣው ዱቄት አይጨምርም። ይህ የመጀመሪያው ግራፍ ነው። ታች ያለው መስመር የሰብስትሬት (ኢንዛይሙ የሚሠራበት ነገር፣ እዚህ እህሉ) መጠን ነው፣ ጎን ያለው ፍጥነት ነው። የተኛው ወፍጮው በሙሉ አቅሙ ስለያዘ ነው። ፍጥነቱን ለመጨመር ሁለተኛ ወፍጮ መትከል ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ግራፍ ሌላ ነው። ታች ያለው ሰዓት ነው፣ ጎን ያለው እስካሁን የተፈጨው ዱቄት ጠቅላላ ድምር ነው። ይህኛው የሚተኛው እህል ስላለቀ ነው። ወፍጮው ደህና ነው። ማረጋገጫው ቀላል ነው። ሌላ ጆንያ አምጡ፣ ወፍጮው ይቀጥላል። በምላሽ 1 ሙከራ ደግሞ አረፋው ሲያቆም አዲስ ፐርኦክሳይድ ጨምሩበት።

እኔ ይህን በማግሥቱ ሞከርኩት። ድንች ቆራርጬ ፐርኦክሳይድ ጨመርኩበት። አረፋው ወጣ፣ ቆመ። ኢንዛይሙ ደከመው ወይ አልኳቸው። አዎ አሉ። አዲስ ፐርኦክሳይድ አፈሰስኩ። እንደ ገና አረፋው ገነፈለ። ክፍሉ ዝም አለ። ከኋላ አንዲት ልጅ እህል አልቆ ነው አለች። የወፍጮውን ምሳሌ ገና አልነገርኳቸውም ነበር።

ጋሼ የጨመሩት ሌላም ነገር አለ። ፍጥነት የሚለካው ከመጀመሪያዎቹ ሴኮንዶች ነው፣ እህሉ ገና ሳይጎድል። ብዙ መምህር አሥር ደቂቃ ጠብቆ ለአሥር ያካፍላል። ይህ ፍጥነቱን አሳንሶ ያሳያል።

ምላሽ 8፦ ምስጋና ብቻ።

ምላሽ 9፦ ከዚህ በኋላ ነገሩ ከረረ። የወላጅ ኮሚቴ አባል ነኝ ያለ ሰው ምላሽ 3ንና 4ን አጥብቆ ነቀፈ። ወጣቱ በአረቄ እያለቀ ባለበት አገር ትምህርት ቤት ጠመቃ ማስተማሩ ነውር ነው አለ። ልጁ ብቅል ይዞ ትምህርት ቤት ቢመጣ ምን ብዬ ነው የምቀበለው ሲልም ጠየቀ።

ምላሽ 10፦ የምላሽ 3 ጸሐፊ ተቆጥቶ መለሰ። ብቅል ምግብ ነው፣ የተናገርኩት ስለ ስታርች ነው፣ ሳታነብ አትፍረድ አለ። ቁጣው ይገባኛል፤ የሙከራው ፈሳሽ ውስጥ አልኮል የለም። ግን ያ አባት የጻፈው ስለ ልጁ ፈርቶ ነው። በለዘበ ቃል ቢመለስለት እወድ ነበር።

ምላሽ 11፦ አጣዬ አካባቢ የሚያስተምር መምህር ሁለቱን አረጋጋ። ክፍሉ ውስጥ ሙስሊም ተማሪዎች ብዙ ናቸው፣ ጠላ ቤታቸው አይገባም። እሱ ከመጀመሪያውም በዳቦ እርሾና በስኳር ነው የሚያስተምረው። ሃይላንድ ውስጥ ለብ ያለ ውሃ፣ ስኳርና እርሾ ይጨምራል፣ አፉ ላይ ፊኛ ያስራል። ፊኛው ይነፋል። ሲያልቅ ይደፋዋል፣ ማንም አይቀምሰውም። ልጆቹ ቤታቸው የሚያውቁት ዳቦን ነው፣ ስለዚህ ማንም አይከፋም። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ትምህርቱን ከሊጥና ከዳቦ እጀምራለሁ። ብቅሉንም አልተውኩትም፤ ለስታርች መስበሪያ ብቻ እንደሆነ አስቀድሜ እናገራለሁ።

ምላሽ 12፦ ይህን ሁሉም መምህር ቢያነበው እመኛለሁ። የጻፈው ሰው ወጣት መምህር ሳለ አልኮል ነዳጅ መሆኑን ለማሳየት አረቄ ሳህን ላይ አፍስሶ ለኮሰ። የአልኮል ነበልባል ሐመር ሰማያዊ ነው፣ ፀሐይ በሚገባበት ክፍል አይታይም። የጠፋ መሰለው። ከጠርሙሱ ሲጨምርበት እሳቱ ፈሳሹን ተከትሎ ወጣ። አንድ ተማሪ እጁ ተቃጠለ። ልጁ ድኗል፣ ጠባሳው ግን አለ። የትኛው ትምህርት ቤት እንደሆነ አልጠቀሰም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ከዚያ ወዲህ እሳት ወደ ክፍል አያስገባም።

ምላሽ 13፦ በምላሽ 11 ላይ ሁለት እርማት። አንደኛ፣ ፊኛውን የሚነፋው አንድ ኢንዛይም አይደለም። ከግሉኮስ እስከ ኢታኖል እርሾው 12 ኢንዛይሞችን በተርታ ይጠቀማል። ስለዚህ ልጆቹ የሚለኩት የጠቅላላው ሰንሰለት ፍጥነት ነው፣ የአንድ ኢንዛይም ግራፍ ነው ብለን አንንገራቸው። ሁለተኛ፣ ሞቃት ውሃ ላይ የተቀመጠ ሃይላንድ አየሩ ስለሚለጠጥ ብቻ ፊኛውን ትንሽ ያነሣዋል። እርሾ የሌለበት ሌላ ሃይላንድ አጠገቡ መቀመጥ አለበት። ጸሐፊዋ ኤድዋርድ ቡክነርንም አነሣች። በ1897 እርሾን ፈጭቶ በጨመቀው፣ ሕያው ሴል በሌለበት ጭማቂ ስኳር አፈላ። በ1907 በኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለመ። ሥራው የሕያው ሴሉ ሳይሆን የኢንዛይሞቹ መሆኑ የታወቀው በዚህ ነው።

ምላሽ 14፦ ቴርሞሜትር ለሌለን ሁሉ የተጻፈ ነው። የሐኪም ቤት ቴርሞሜትር 42 ዲግሪ ላይ ያበቃል፣ ሞቃት ውሃ ውስጥ ቢገባ ይሰበራል። ስለዚህ የፈላ ውሃና ቀዝቃዛ ውሃ በስኒ እየለኩ መቀላቀል ይሻላል። ግን እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። እዚህ ውሃ በ100 ዲግሪ አይፈላም። ወደ 91 ነው። ሸዋ ሮቢት፣ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ፣ ወደ 96 ይሆናል። የእኛ ቀዝቃዛ ውሃ 15 ዲግሪ ቢሆን ግማሽ በግማሽ ሲቀላቀል 53 ይሰጣል። 100 ብሎ ያሰላ 57 ተኩል ብሎ ይሳሳታል።

ምላሽ 15፦ አንድ ሰው አላመነም። መጽሐፉ 100 ነው የሚለው፣ ልጆቻችንን አታምታቱ አለ። አነጋገሩ ሻካራ ነበር።

ምላሽ 16፦ የምላሽ 14 ጸሐፊ ሳይቆጣ መለሰ። የ100 ዲግሪው ነገር ለባሕር ወለል የአየር ግፊት ነው። ደጋ ላይ ባቄላ ለመብሰል ለምን እንደሚዘገይ እናትህን ጠይቅ ብሎ አበቃ። ምላሽ 15 አልተመለሰም።

ምላሽ 17፦ ሁለተኛው ስሕተቴ የታረመው እዚህ ነው። የጻፈችው ሞላሌ የምትሠራ የግብርና ባለሙያ ናት። ገለባ ይጣላል ያልኩት ክፉኛ አናደዳት። መንዝ ውስጥ ገለባ የሚጥል ገበሬ አሳየኝ አለች። ገለባ የበሬና የበግ መኖ ነው። ጭድ ከጭቃ ጋር ተቦክቶ ግድግዳ ይመረግበታል። በበጋ ሣር ሲደርቅ የገለባ ክምር ያለው ሰው ከብቱን ያተርፋል። ስለዚህ ከገለባ ነዳጅ እናውጣ ስንል ከበሬው አፍ እየወሰድን ነው።

ቀጥላም ልጆቹን ይህን ጠይቃቸው አለችኝ። በሬ ገለባ በልቶ ይኖራል፣ እናንተ ለምን አትኖሩበትም? መልሱ ኢንዛይም ነው። ገለባ ውስጥ ያለው ሴሉሎስ እንደ ስታርች ሁሉ ከግሉኮስ የተሠራ ነው። አያያዙ ግን ይለያል፣ እኛ ያንን የሚፈታ ሴሉሌዝ የሚባል ኢንዛይም የለንም። በሬው ሆድ ውስጥ የሚኖሩ ጥቃቅን ተሕዋስያን ግን አላቸው። የተረፈው እበት ሆኖ ይወጣል። እበቱ ደርቆ ኩበት ይሆናል፣ ኩበቱ እንጀራ ይጋግራል። ይህ ባዮፊውል ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ግን ዋጋ ያስከፍላል። የነደደ ኩበት ወደ ማሳ አይመለስም። መሬቱ በየዓመቱ ይራባል።

ይህን ምላሽ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ባዮፊውል የሚለውን ቃል ሳስተምር የማወራው ስለ ብራዚል ሸንኮራ አገዳ ነበር። ልጆቹ ያን ጠዋት ኩበት አንድደው ነበር የመጡት።

ምላሽ 18፦ ከዚያው ጋር ተያይዞ፣ ቤቱ ባዮጋዝ ያስቆፈረ ሰው ጻፈ። ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራሙ ሲጀመር አማራ ክልልም ነበረበት። በባዮጋዝ እበቱ ጋዝ ይሰጣል፣ ዝቃጩ ደግሞ ለማሳ ይተርፋል፣ የኩበትን ችግር ይፈታል። እናቱ ከጭስ ተገላገለች። ችግሩ ብርዱ ነው። ጋዙን የሚሠሩት ተሕዋስያን 35 ዲግሪ አካባቢ ይመቻቸዋል፣ ከ15 በታች በጣም ይዘገያሉ። በውርጭ ወራት ምድጃው ላይ ነበልባሉ ያንሳል። ቆላ ያሉ ዘመዶቹ ይህ ችግር የለባቸውም። ሊጡ ላይ ያየነው ነገር ነው፣ ጋኑ ብቻ ትልቅ ሆኗል።

ምላሽ 19፣ 20 እና 21፦ እዚህ ክሩ መንገድ ሳተ። 19ኛው ስለ ማዳበሪያ ዋጋ ምሬት ነው። 20ኛው የባጃጅ ሹፌር ነው፤ ቤንዚን ሰልፍ ላይ ሆኖ እያነበበን ነበር። አረቄ ታንከር ውስጥ ብጨምር ይሄድልኛል ወይ ብሎ ጠየቀ። 21ኛው ሰውየውን አላዋቂ ብሎ ሰደበው። የመድረኩ አስተዳዳሪ ስድቡን አጠፋ፣ ጥሩ አደረገ። ከሁሉም ጥያቄዎች ለክፍል የሚጠቅመው ይህ የሹፌሩ ጥያቄ ነበር።

ምላሽ 22፦ ጋሼ ተመልሰው ለሹፌሩ በአክብሮት መለሱለት። አይሄድም፣ ሞተሩንም ያበላሻል። ጠንካራ የሚባለው አረቄ እንኳ ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው። ደጋግመው ቢያወጡትም ከ96 በመቶ አካባቢ አያልፍም፣ ከዚያ በላይ አልኮሉና ውሃው አብረው ይተናሉ። ከቤንዚን ጋር የሚደባለቀው የቀረችውን ውሃ በሌላ ዘዴ ያስወገዱለት ነው። አንድ ሊትር ኢታኖል ከአንድ ሊትር ቤንዚን በሲሶ ያህል ያነሰ ጉልበት አለው። አገራችን ግን ይህን ሠርታዋለች። ከፊንጫና ከመተሐራ ስኳር ፋብሪካዎች ሞላሰስ (ስኳሩ ሲወጣ ከሚቀረው ወፍራም ፈሳሽ) የወጣ ኢታኖል፣ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ 5 በመቶ ከቤንዚን ጋር ተደባልቋል፤ በ2011 ወደ 10 በመቶ ከፍ ብሏል።

ከዚያ ወደ እኔ ግራፍ መለሱት። ሞላሰስ ውስጥ ያለው በዋናነት ተራው ስኳር፣ ሱክሮስ ነው። ብቅል አያስፈልገውም። እርሾው ራሱ ኢንቨርቴዝ በሚባል ኢንዛይም ለሁለት ይሰብረዋል። በ1913 ሊዮኖር ሚካኤሊስና ሞድ ሜንተን በርሊን ውስጥ ያጠኑት ይህንኑ ኢንቨርቴዝ ነው፣ ይህንኑ ስኳር ሲሰብር። ያ ወጥቶ የሚተኛው ግራፍ ስማቸውን ይዞ የቀረው ከዚያ ነው። ለካ ግራፉ ከመነሻውም የስኳርና የእርሾ ነበር።

ምላሽ 23፦ ውጭ አገር ተምራ የመጣች መምህርት ስለ ገለባው መለሰች። ውጭ ባሉ ትምህርት ቤቶች ሴሎቢዬዝ የሚባለውን፣ ሴሉሎስን የመስበር የመጨረሻውን ደረጃ የሚሠራውን ኢንዛይም ያስለካሉ። ሰብስትሬቱ ሲሰበር በአልካሊ (የአሲድ ተቃራኒ በሆነ ፈሳሽ) ውስጥ ቢጫ ይሆናል። በየደቂቃው እየቆነጠሩ ቢጫውን ያወዳድራሉ። ከእንጉዳይ ጭማቂም ይወጣል። ሰብስትሬቱ ግን ለእኛ ውድ ነው። ፋብሪካዎች ለዚህ ሥራ ትራይኮደርማ ሪሴይ የሚባለውን ሻጋታ ይጠቀማሉ። ሻጋታው የተገኘው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በሰለሞን ደሴቶች የአሜሪካ ጦርን የጥጥ ሸራ ሲበላ ነው። ከዚህ ጋር አደራ አለች። ልጆች ክረምት ላይ የጅብ ጥላ ለቅመው እንዳይሞክሩ፣ መርዛማው ብዙ ነው።

ምላሽ 24፦ መሐል ሜዳ ያለው መምህር ተመልሶ ሐሳብ አቀረበ። ለምን ሦስታችን አንድ ቀን አንድ ሙከራ አንሠራም? እሱ መሐል ሜዳ፣ እኔ ደብረ ብርሃን፣ የምላሽ 6 መምህርት ሸዋ ሮቢት። አንድ ዓይነት ዱቄት፣ አንድ ዓይነት እርሾ። የዳቦ ሊጡ ሃይላንድ ውስጥ ምን ያህል እንደተነሣ በየ10 ደቂቃው እንለካ።

ምላሽ 25፦ የምላሽ 14 ጸሐፊ አቆመው። ከፍታ ላይ የአየር ግፊት ስለሚያንስ ያው ጋዝ ሊጡን ይበልጥ ያነሣዋል። መሐል ሜዳ ቀዝቃዛ ሆኖ ሳለ ሊጡ ከሚገባው በላይ ይነፋል። የሙቀቱና የግፊቱ ሥራ ይደባለቅብናል። የብቅሉን የአዮዲን ሙከራ ሥሩ አለ፤ ስታርች የአየር ግፊት አይነካውም።

ምላሽ 26፦ የምላሽ 9 ወላጅ ነው። ምላሽ 11ንና 25ን አንብቧል። ብቅሉ ለአዮዲን ሙከራ ብቻ ከሆነ ልጁ ቢሳተፍ አይቃወምም፤ ሲሠሩ ግን መጥቼ ልይ አለ። ና ብዬዋለሁ።

ብቅሉን ከምላሽ 4 እናት ገዛሁ። አንድ ጊዜ አስፈጭቼ ሦስት ከረጢት አደረግኩት። አንዱ በመሐል ሜዳ አውቶቡስ ሄዷል፣ አንዱ በሸዋ ሮቢት። ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሦስታችንም ክፍል ውስጥ እንሆናለን። ውሃውን አናሞቅም፤ እያንዳንዱ ክፍል በዕለቱ የየአገሩን የአየር ሙቀት ይጠቀማል። ልጆቹ ሰማያዊው በስንት ደቂቃ እንደሚጠፋ ግምታቸውን ከወዲሁ ጽፈው ሰጥተውኛል።